የጓጎለ ጨውና የጓጎለ ሲሚንቶ

ጅማ ላይ ዝናቡ ሲበረታ ጨው ይጓጉላል፤ ሲሚንቶም ይጓጉላል። ሂርማታ ገበያ ዙሪያ ካሉት ሱቆች ጨው የገዛ ሰው ከረጢቱን ሲከፍት ጠጠር ጠጠር የሚያህል ነገር ቢያገኝ አይደነግጥም፤ በሙቀጫ ወቀጥ ወቀጥ አድርጎ ወጡ ውስጥ ይጨምረዋል። ግንበኛ ግን ከመጋዘን ያወጣው ሲሚንቶ እንዲሁ ጓጉሎ ሲያገኘው ወቅጦና ነፍቶ ልስን ቢለስንበት፣ ግድግዳው በወሩ በጥፍር ሲጫር ይረግፋል። ሁለቱም ከአየሩ እርጥበት ጠጥተዋል፤ ሁለቱም ጠጥረዋል፤ ለዓይንም አይለያዩም። ጨው ግን ያው ጨው ነው። ሲሚንቶው ሲሚንቶ መሆኑ ቀርቷል። ይህ ጽሑፍ የሚያወራው ስለዚህ ልዩነት፣ ስለ ፊዚካዊና ኬሚካዊ ለውጥ ነው።

ጨው እንዴት እንደሚጓጉል እንይ። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት 75 ከመቶ ሲያልፍ የገበታ ጨው ውሃ ከአየር መሳብ ይጀምራል። ማግኒዥየም ያለባቸው ባዕድ ጨዎች ከተቀላቀሉበት ከዚያም በታች ይስባል። የእያንዳንዷ ቅንጣት ገጽ በስሱ ይሟሟል። ቀትር ላይ አየሩ ሲደርቅ ውሃው ይተንና የተሟሟው ጨው በቅንጣቶቹ መካከል ተመልሶ ይረጋል፤ አንዷን ከሌላዋ የሚያጣብቀው ይህ ነው። አዲስ የተፈጠረ ቁስ የለም። አድርቆ መውቀጥ በቂ ነው። አዮዲን ያለው ጨው ከሆነ ግን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ማቆየት አይመከርም፤ አዮዲኑ ከእርጥበት፣ ከሙቀትና ከብርሃን ጋር ስለማይስማማ ክዳን ባለው ዕቃ ከጥላ ስር ይቀመጥ።

ሲሚንቶ ላይ የሚሆነው ሌላ ነው። ዱቄቱ በዋናነት የካልሲየም ሲሊኬት ውሁዶች ነው። እርጥበት ሲያገኝ ውሃው ቅንጣቶቹን ማርጠብ ብቻ ሳይሆን ከእነሱ ጋር ተዋህዶ አዲስ ጠጣር ይሠራል። ግንብ ላይ እንዲሆን የምንፈልገው ይህ ለውጥ ከረጢቱ ውስጥ ሳለ አልቋል ማለት ነው። የተፈጠረው ነገር ቢፈጭ የተፈጨ ድንጋይ ይሆናል እንጂ ሲሚንቶ አይሆንም። ወደ ሲሚንቶነት ልመልሰው የሚል ሰው 1,450 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ የፋብሪካ ምድጃ ያስፈልገዋል።

መለያው ቀላል ነው። የጓጎለውን በሁለት ጣት ጫን በሉት። እንደ ዱቄት ከፈረሰ ለውጡ ገና ጅማሬው ላይ ነው፤ ነፍቶ ለቀላል ሥራ መጠቀም ይቻላል። ካልፈረሰ ለኮለንም ሆነ ለልስን አይሆንም። ከረጢቶቹን ከወለል በእንጨት ርብራብ ከፍ አድርጎ፣ ከግድግዳ አርቆ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ ማስቀመጥና ከ3 ወር በላይ አለማቆየት ጅማ ውስጥ ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ፊዚካዊና ኬሚካዊ ለውጥ የምንላቸው እነዚህን ነው። በመጀመሪያው ቁሱ ቅርጹን፣ መጠኑን ወይም ሁኔታውን ይለውጣል፤ ጠጣር የነበረው ይፈስሳል፣ ፈሳሹ ይተንናል፣ ትልቁ ይደቅቃል፤ ቁሱ ራሱ ግን አልተነካም። በሁለተኛው የአቶሞቹ ትስስር ፈርሶ በሌላ መልክ ይገጣጠምና ቀድሞ ያልነበረ ቁስ ይገኛል። ትርጉሙ ይኸው ነው። ሰው የሚሳሳተው ምልክቶቹ ላይ ነው።

ከሁሉ የባሰው ምልክት «ወደ ነበረበት ከተመለሰ ፊዚካዊ፣ ካልተመለሰ ኬሚካዊ» የሚለው ይመስለኛል። ተማሪ በቃሉ ይይዘዋል፣ ፈተናም ያልፍበታል፣ ኩሽና ሲገባ ግን አይሠራም። የተወቀጠ ቡና ተመልሶ ፍሬ አይሆንም፤ መውቀጥ ግን ጥርት ያለ ፊዚካዊ ለውጥ ነው። የሞባይል ባትሪ ደግሞ ኬሚካዊ ለውጡን ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ እያመላለሰ ዓመታት ያገለግላል።

በከርከዴ መሞከር ይቻላል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ አቆዩና አጥልሉ። ቀዩን ውሃ በሁለት ብርጭቆ ክፈሉት፤ አንዱ ለማወዳደሪያ ይቀመጥ። በሌላው ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ፤ አረፋ እየደፈቀ ቀይነቱን ይተውና ወደ ሰማያዊና አረንጓዴ ያዘነብላል። ከዚያ ሎሚ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ እንደገና አረፋ ይደፍቃል፣ ቅላቱም ይመለሳል። የቀለሙ ሞለኪውል በአሲድ ውስጥ አንድ ዓይነት፣ በሶዳ ውስጥ ሌላ ዓይነት ነው፤ ለውጡ ኬሚካዊ ነው፣ ይመለሳልም። በሶዳ ፈንታ ቤኪንግ ፓውደር ካደረጋችሁ የራሱ አሲድና ስታርች ስላለው ቀለሙ በደንብ አይዞርም። አረንጓዴውን ውሃ ለሰዓታት ከተዋችሁት ደግሞ ቀለሙ ራሱ ይፈርስና ሎሚ ብታንጠፈጥፉበትም ቅላቱ ሙሉ በሙሉ አይመለስም።

የቀለም ለውጥም ብቻውን አይታመንም። ቀይ አፈር ሲረጥብ ይጠቁራል፤ አረንጓዴ ጠርሙስ ሲደቅቅ ይነጣል፤ ሁለቱም የብርሃን ነገር ነው። አረፋም ያታልላል፤ የአምቦ ውሃ ክዳን ሲከፈት የሚወጣው ጋዝ በግፊት ተሟሙቶ የነበረ ነው፣ ሶዳና ሎሚ ሲገናኙ የሚወጣው ግን ያኔ የተፈጠረ ነው። ጋዙ ግን በሁለቱም ቦታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሙቀትና ቅዝቃዜም እንደዚያው። አልኮል እጅ ላይ ሲተን ያቀዘቅዛል፣ ሶዳና ሎሚም ሲደባለቁ ያቀዘቅዛሉ፤ አንዱ ፊዚካዊ፣ ሌላው ኬሚካዊ። ስለዚህ የሚሻለው ምልክት መቁጠሩን ትቶ፣ አንድን ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተከትሎ በየደረጃው «አሁን ያለው ቁስ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነው። ለዚህ ደግሞ በጅማ ከቡና የተሻለ ምሳሌ የለም።

እሸቱ ተለቅሞ መፈልፈያው ውስጥ ሲገባ ቀዩ ልጣጭ ይላቀቃል፤ ይህ ጉልበት ብቻ ነው። ፍሬው ላይ የሚቀረው የሚያዳልጥ ሙጫ ግን በጉልበት በቀላሉ አይለቅም። ሙጫው በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ውስጡ ፔክቲን የተባለ አጣባቂ ቁስና ስኳር አለበት። ገንዳ ውስጥ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሲቀመጥ፣ እንደ አየሩ ሙቀት ከዚያም በታች ወይም በላይ፣ የፍሬው ኢንዛይሞችና ረቂቅ ተሕዋስያን ፔክቲኑን ይበጣጥሱታል፣ ስኳሩንም ወደ አሲድ ይለውጡታል። ኬሚካዊ ለውጥ ነው። መድረሱ የሚታወቀው በእጅ ነው፤ እፍኝ ፍሬ አውጥቶ በውሃ ሲያሹት እንደ ኮረት ከሻከረና ከተንኮሻኮሸ ደርሷል፣ ካዳለጠ ይቆይ። ካለፈበት አሲዱና ሽታው ወደ ፍሬው ዘልቆ ይገባል፤ የኋላ እጥበት የማይፈታው ጉዳት ያ ነው። ማጠቡ ራሱ ውጪ የቀረውን ብቻ የሚወስድ ፊዚካዊ ሥራ ነው።

ቀጥሎ በማስጫ አልጋ ላይ መድረቅ አለ። የታጠበው ቡና ሲሰጣ ከክብደቱ ከግማሽ የማያንሰው ውሃ ነው፤ ወደ 11 ወይም 12 ከመቶ መውረድ አለበት። ውሃ መትነኑ ፊዚካዊ ነው፣ ውሃው ካልተነነ የሚከተለው ግን ኬሚካዊ ነው። እርጥበቱ ከ12 ወይም 13 ከመቶ በላይ ሆኖ ጆንያ የገባ ቡና ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው የሠራው ቁስና የሻጋታ ጣዕም ደግሞ በኋላ ፀሐይ ላይ ቢሰጣም አይለቅም። ስለዚህ የአልጋው ንብርብር ከ2 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ፣ በየጊዜው ቢገለበጥ፣ ዝናብ ሲመጣና ማታ ጤዛ ሲወርድ ቢሸፈን ይበጃል። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የሚደርቅ ቡና፣ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ሙሉ ልጣጩና ስኳሩ ስላለ ማድረቁ ሳምንታት ይወስዳል፣ በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ መድረቅና መፍላት እሽቅድምድም ላይ ናቸው። መድረቁ ከቀደመ የፍራፍሬ ቃና ያለው ቡና ይገኛል፤ መፍላቱ ከቀደመ ሆምጣጣ።

መቁላት ላይ ሁለቱ ለውጦች ይተራመሳሉ፣ ግን በሚዛን መለየት ይቻላል። ደህና የደረቀ 100 ግራም ጥሬ ቡና መካከለኛ አድርጋችሁ ቁሉና መዝኑት፤ 85 ግራም ገደማ ይቀራል። ከጠፋው 15 ግራም ውስጥ 10 ወይም 11 ግራሙ ቀድሞም ውስጡ የነበረ ውሃ ነው። የቀረው 4 ወይም 5 ግራም በአብዛኛው የፍሬው ቁስ ራሱ በሙቀቱ ፈርሶ ከነጭራሹ ሌላ ነገር ሆኖ የወጣ ጋዝ ነው፤ ጥቂቱ ደግሞ የተራገፈ ገለፈት። አጥቁሮ የሚቆላ ሰው እስከ 20 ግራም ያጣል፤ ከመካከለኛው በላይ የጨመረው ኪሳራ ውሃ አይደለም፣ ቡናው ራሱ ነው።

ምጣዱ ላይ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ውሃው ይወጣል፤ ፍሬው ከአረንጓዴ ወደ ቢጫ ይሄድና የደረቀ ሣር ይሸታል። የፍሬው ሙቀት 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ስኳርና የፕሮቲን ክፍሎች ይገናኙና መጥቆር ይጀምራል፤ ፈረንሳዊው ማያር በ1912 የገለጸው ኬሚካዊ ለውጥ ነው፣ የዳቦ ቅርፊት የሚጠቁረውም በእሱ ነው። 200 ዲግሪ ገደማ ላይ ውስጡ የታመቀው እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍሬውን ጧ አድርጎ ያፈነዳዋል። ፍንዳታው ፊዚካዊ ነው፣ ያፈነዳው ጋዝ ከፊሉ ግን የኬሚካዊ ለውጥ ውጤት ነው። አልፎ ከተቆላ ሁለተኛ፣ ቀጠን ያለ መንጣጣት ይሰማል፤ ወዙም ገጹ ላይ ይወጣል።

እዚህ ላይ ሁለት ቁሶችን ጎን ለጎን ማየት ደስ ይላል። ትራይጎኔሊን የተባለው የጥሬ ቡና ውሁድ በእሳቱ ይፈርስና ከፊሉ ኒያሲን ይሆናል፤ ቫይታሚን ቢ3 ማለት ነው። ቡና ሲቆላ ቫይታሚን ይሠራል ቢባል ማጋነን አይደለም። ካፌይን ግን ጠንካራ ነው፤ ከእሸቱ ጀምሮ በገንዳው፣ በአልጋው፣ በምጣዱ፣ በሙቀጫው አልፎ ሲኒ ውስጥ የሚደርሰው በአብዛኛው ያው ሞለኪውል ሆኖ ነው።

እሳቱ ሲበረታ ምን ይበላሻል? ላዩ ላይ ኬሚካዊው ለውጥ ይሮጣል፣ ውስጡ ግን ውሃው ገና አልወጣም። አንዷን ፍሬ ሰብራችሁ ላይዋ ጥቁር፣ ልቧ ቢጫ ሆኖ ካገኛችሁት ምክንያቱ ይህ ነው፤ ሲፈላ የሚያርርም የሚኮመጥጥም ጣዕም ይሰጣል። እሳቱ በጣም ሲለሰልስ ደግሞ ፍሬው እየደረቀ ይቆያል፣ መጥቆሩ ግን አቅም ያጣል፤ ሽታው ቀዝቃዛ ነው። ታጥቦ ምጣድ ላይ የሚወጣ ቡና መጀመሪያ ላይ የቀረበትን ውሃ ማትነን ስላለበት፣ ከታጠበ በኋላ በደንብ ማንጠፍጠፍ ጊዜም ከሰልም ይቆጥባል። ከሰል ካልን ደግሞ፣ ከሰል አየር ሲያንሰው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ዝናብ ነው ብሎ በርና መስኮት ዘግቶ መቁላት አይገባም።

ውቀጣው ፊዚካዊ ነው፤ ገጹ ስለሚበዛ ግን ሽታው ቶሎ ይበናል፣ ቅባቱም ከኦክስጅን ጋር ቶሎ ይገናኛል። ጀበናው ውስጥ የሚሆነው በአብዛኛው መሟሟት ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለቡና ግን አያንስም። ከተቆላ ቡና ክብደት በውሃ ሊሟሟ የሚችለው እስከ 30 ከመቶ ያህሉ ብቻ ነው፤ አቦል አብዛኛውን ይወስዳል፣ ቶናና በረካ የተረፈውን ይለቃቅማሉ። የቀዘቀዘ ቡና ደጋግሞ ማሞቅ ግን መሟሟት አይደለም። ሙቀቱ ሲራዘም በውስጡ ያሉ ውሁዶች በውሃ ይሰነጠቁና አሲድ ይሆናሉ፤ የከረመ ቡና የሚጎመዝዘው ለዚህ ነው፣ ስኳር ጣዕሙን ይሸፍናል እንጂ አሲዱን አያጠፋም።

ወደ ግንባታው እንመለስ። የጭቃ ቤት ምርግ የሚጠነክረው ውሃው ስለተነነ ብቻ ነው፤ ጣሪያው ካፈሰሰ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል። ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ ይሰነጠቃል፣ ጭዱ የሚገባው ስንጥቁን በትንንሹ ለመበተን ነው። ጀበናም ሲበጅ ጭቃ ነው። እሳት ውስጥ ገብቶ ከ500 እስከ 600 ዲግሪ ሲያልፍ ግን በሸክላው ማዕድን ውስጥ በኬሚካዊ ትስስር የተያዘው ውሃ ተባሮ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ወንዝ ውስጥ ቢከርም ጭቃ አይሆንም። ያልበሰለ ሸክላ በጣት ሲመቱት ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰለው ይጮኻል። እሳት ውስጥ የሚፈነዱት ደግሞ በአብዛኛው ሳይደርቁ የገቡት ናቸው። የቀረው ተራ ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ የሚያስፈልገውን ቦታ ግድግዳው ውስጥ ስላላገኘ ይሰብረዋል፤ ፊዚካዊ ለውጥ የልፋትን ውጤት ያጠፋ ጊዜ ይህ ነው።

ሲሚንቶ «ደረቀ» የሚለው አነጋገር ብዙ ግንብ አበላሽቷል። ሲሚንቶ አይደርቅም፤ ከውሃ ጋር ይዋሃዳል። 50 ኪሎ ሲሚንቶ ለውህደቱ ብቻ 12 ሊትር ገደማ ውሃ ይበቃዋል፣ ለማገላበጥ እንዲመች ግን እስከ 25 ሊትር ድረስ ይገባል። ከዚያ በላይ የተጨመረ ውሃ ወጥቶ ሲሄድ ቀዳዳ ይተዋል፣ ኮንክሪቱም ይደክማል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ የያዘውን ውሃ መቀነስ አትርሱ፤ በዝናብ ወቅት ሞርታር የሚቀጥነው ብዙውን ጊዜ በዚህ ነው። ከተቦካ በኋላ መጠጠር የጀመረውን ሞርታር ውሃ እየጨመሩ ማለሳለስም ውህደቱን መስበር ነው፤ ትንሽ ትንሽ ማቡካት ይሻላል። ከፈሰሰ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት የሚያስፈልገው ለውጡ ስላላለቀ ነው፤ ጥንካሬው የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። ፀሐይ በወጣ ቁጥር «ጥሩ ይደርቅልናል» የሚል ፎርማን ካለ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል።

ኖራ ደግሞ ክቡን ዞሮ ይመለሳል። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ገደማ ሲቃጠል 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣና 56 ኪሎ ይቀራል። ያ 56 ኪሎ 18 ኪሎ ውሃ ይውጥና 74 ኪሎ «የጠፋ ኖራ» የሚባለው ይሆናል፤ ሙቀቱ ውሃውን እስኪያፈላ ድረስ ኃይለኛ ስለሆነ ኖራው ወደ ውሃው በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል እንጂ ውሃ ኖራው ላይ አይደፋም፣ ዓይንም ይከለላል። ግድግዳ ላይ ሲቀባ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ተመልሶ የኖራ ድንጋይ ይሆናል። ሦስት ኬሚካዊ ለውጥ፣ መጨረሻው የተነሳበት።

ማር ገዢዎች የሚሳሳቱበትም አለ። የረጋ ማር «ስኳር ገብቶበታል» ተብሎ ይናቃል። መርጋት ግሉኮሱ ከፈሳሹ ተለይቶ ጠጣር መሆኑ ብቻ ነው፤ ንጹሕ ማርም ይረጋል፣ 14 ዲግሪ አካባቢ ደግሞ ፈጥኖ ይረጋል። ዕቃውን 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ፣ እጅ በሚችለው ውሃ ውስጥ ማቆየት ያቀልጠዋል። እሳት ላይ መጣዱ ግን ኢንዛይሞቹን ያፈርሳል፣ ስኳሩንም መለወጥ ይጀምራል፤ ያ አይመለስም። መፍራት የሚገባው ማር ላዩ ላይ አረፋ የያዘና የሚጎመዝዝ ነው። ማር ከአየር ውሃ ስለሚስብ ክዳኑ ላልቶ ከከረመና የውሃው ድርሻ 20 ከመቶ ካለፈ እርሾ ይነሳበታል፤ ሳይፈለግ ወደ ጠጅ መንገድ ጀምሯል።

ቅቤ ሲነጠር ጆሮ ይሠራል። ጥሬ ቅቤ ከክብደቱ 80 ከመቶ ገደማ ቅባት፣ የቀረው በአብዛኛው ውሃ ነው። መቅለጡ ፊዚካዊ ነው፤ ሲንጣጣ የሚሰማው ውሃው ሲወጣ ነው፣ ያም ፊዚካዊ ነው። ድምፁ ሲረግብ ውሃው አልቋል፣ ሙቀቱም ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል፣ ከታች የረጋው የወተት ቅሪት መቅላት ይጀምራል፤ ሽታውን የሚሰጠው ይህ ኬሚካዊ ለውጥ ነው። የሚወርደው ያኔ ነው። ቀድሞ ከወረደ የቀረው ውሃ ቅባቱን እየሰነጠቀ ያከረፋዋል፤ ዘግይቶ ከወረደ ያርራል።

የእንጀራ አብሲት ላይ መጻሕፍትም አይስማሙም። ስታርቹ 70 ዲግሪ ገደማ ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ረጃጅም ሰንሰለቶቹ ግን አልተበጠሱም። እኔ ወደ ፊዚካዊው አደላለሁ። የሊጡ መቡካት ግን አያከራክርም፣ ኬሚካዊ ነው። የተቆረጠ አቮካዶ መጥቆርም እንደዚያው፤ ኢንዛይምና ኦክስጅን ሲገናኙ ነው፣ ሎሚው የሚያግደው ኢንዛይሙን በአሲድ ስለሚያዳክመው ነው። ሎሚም ሆነ አቼቶ ከበረኪና ጋር ግን በፍጹም አይደባለቅ፤ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በኬሚካዊ ለውጥ ክብደት እንደማይጠፋ፣ ላቮይዚየር በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈውን፣ ቤት ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ባለ 2 ሊትር የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ፣ 40 ሚሊ ሊትር የሎሚ ጭማቂ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በሶፍት የተጠቀለለ። ጭማቂውን አስገቡ፣ ጥቅሉን ጣሉበት፣ ወዲያው ክዳኑን አጥብቁ፣ መዝኑ። ነቅነቅ አድርጋችሁ አረፋው ሲያልቅ እንደገና መዝኑ፤ ጠርሙሱ ጠጥሯል፣ ሚዛኑ ግን አልተነቃነቀም። ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፤ ፊሽ ይልና ወደ አንድ ግራም ይቀንሳል። መስታወት ጠርሙስ አትጠቀሙ፣ የሶዳውንም መጠን ከዚህ አታብዙ። ብዙ መምህራን በጠርሙሱ አፍ ፊኛ አጥልቀው ይሞክሩትና ክብደቱ ሲቀንስ ግራ ይጋባሉ። ጋዝ አምልጦ ላይሆን ይችላል፤ የተነፋው ፊኛ አየር ገፍቶ ቦታ ስለያዘ አየሩ ወደ ላይ ያነሳዋል። ጅማ ላይ አንድ ሊትር አየር 1 ግራም ገደማ ስለሚመዝን፣ ፊኛው ሊትር ተኩል ካበጠ ሚዛኑ ግራም ተኩል አሳንሶ ያሳያል።

ዝገትን ለማየት ሦስት ብርጭቆና ዚንክ ያልተነከረ ሚስማር ይበቃል፤ የሚያብረቀርቀው ነጭ ሚስማር አይሆንም። አንዱን ተራ ውሃ ውስጥ፣ አንዱን ጨው ባለው ውሃ ውስጥ፣ አንዱን 10 ደቂቃ ፈልቶ ተከድኖ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አድርጉና በሦስተኛው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ዘይት አፍስሱ። በሳምንቱ ጨው ያለው ከሁሉ በላይ ዝጓል፣ ሦስተኛው አየር ስላጣ እምብዛም አልተነካም። ቆርቆሮ ቤት የሚያሠሩ ሰዎች ደግሞ ዝገት ሳይሆን ነጭ ዱቄት ያጋጥማቸዋል። ቆርቆሮዎቹ ተደራርበው ሳለ መካከላቸው የገባው የዝናብ ውሃ መውጫ ሲያጣ ዚንኩን ይበላዋል፤ ዱቄቱ ከዚንኩ የተሠራ አዲስ ውሁድ ነው። ሉሆቹን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ በመካከላቸው ቀጭን እንጨት አስገብቶ ማስቀመጥ ይከላከላል። ንጣቱ ስስ ከሆነ በደረቅ ብሩሽ ጠርጎ መምታት ይቻላል፤ ከሥሩ ጥቁር ወይም ቀይ ነጥብ ከታየ ዚንኩ አልቋልና ያ ሉህ ሳይቀባ ጣሪያ ላይ አይውጣ።